የግራና ረድፍ

«የመዛግብት ወዳጆች» የተባለው የማስተርስ ተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ የማይታክተው ማኅበር ነበር። አሥራ አንድ ሆነው ወልድያ ላይ በየሳምንቱ ይሰበሰባሉ፤ አጀንዳ ይያዛል፣ ቃለ ጉባኤ ይጻፋል፣ ስለ ማኅበሩ ቲሸርት ቀለም ብቻ ሁለት ቅዳሜ ተጨቃጭቀዋል። የጸሐፊዋ የሳሚራ አንጀት በዚህ እርር ሲል ነው የከረመው። «ወረቀት የምንነካው መቼ ነው?» ትላለች። ሊቀመንበሩ ዮሴፍ «በሂደት» ይላታል። ይቺን «በሂደት» የምትባል ቃል ሳሚራ ጠምዳ ይዛታለች።

ስለዚህ መርሳ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤቱን እንዲያደራጁለት ሲፈቅድ እግሯ መሬት አልነካም። በሦስት ቀን ዘመቻ አራት ሺህ ፋይል ከጨርቅ ማሰሪያው ፈቱ፣ አቧራውን አራገፉ፣ በዓመትና በጉዳይ ለይተው አዳዲስ ክላሰር ውስጥ ከተቱ፣ ቁጥር ለጠፉ። የቁጥሩን አሰጣጥ ያወጣችው ራሷ ሳሚራ ናት። ስም የተጻፈበት አሮጌ ሽፋን ከነማሰሪያው ተቃጠለ። ስሞቹን ኮምፒዩተር ላይ ማስገባት ለሁለተኛው ዙር ተላለፈ፤ ፎቶ ግን በመጀመሪያው ዙር ተነሡ።

መዝገብ ቤቱን ሃያ ስድስት ዓመት የያዙት ጋሽ ይስማው ያን ሰሞን የወንድማቸው ለቅሶ ላይ ነበሩ። ሲመለሱ በሩ ላይ ቆመው ክፍሉን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ማሰሪያዎቹስ?»

«አቃጠልናቸው፤ ቆሽሸው ነበር» አለች ሳሚራ።

«እኔኮ ባለጉዳይን ዓመት ጠይቄው አላውቅም፣ ልጄ። ገበያህ የት ነው፣ ጎረቤትህ ማነው፣ ይኸው ነው። የግራና ገበያተኛው በአንድ ረድፍ፣ የሐራው በአንድ ረድፍ፣ የመርሳው በአንድ ረድፍ። ጎረቤታሞቹን አንድ ላይ አስራቸዋለሁ።»

ሳሚራ ትምህርቷ ትዝ አላት። ክፍል ውስጥ መጀመሪያ የተማሩት፣ መዝገብ የተቀመጠበትን ሥርዓት ሳይጠይቁ መንካት እንደማይገባ ነው። ፈተና ላይ ጽፋው ሙሉ ነጥብ አግኝታበታለች።

ሐሙስ ዕለት ወይዘሮ ሸጊቱ ከግራና መጡ። ሟች ባላቸው ማሳውን የተረከቡበት ደብዳቤ እዚህ ነው ያለው። ሰኞ ፍርድ ቤት ካልቀረበ ማሳውን የባላቸው ወንድም ይወስደዋል።

«በስንት ዓመተ ምሕረት ነው ያስገቡት፣ እማማ?» አለች ሳሚራ።

«ዓመቱን እኔ ምን አውቄ። ከጎረቤታችን ከሙሐመድዘይን ፋይል ጋር ነው የታሰረው። ያለፈው ጊዜ ይስማው ቁጭ ሳልል ነው ያወጣልኝ።»

ሳሚራና ጋሽ ይስማው ክላሰር እየከፈቱ አንድ በአንድ ማንበብ ጀመሩ። ደብዳቤው «መሬት» ውስጥ ይግባ፣ «ውርስ» ውስጥ ይግባ፣ «ግብር» ውስጥ ይግባ፣ ከለየው ተማሪ በቀር የሚያውቅ የለም፤ የለየውም ረስቶታል። ሳሚራ የማኅበሩ ቴሌግራም ላይ «ድረሱልኝ» ብላ ጻፈች። አምስት ሰዎች አውራ ጣት ላኩላት። ዮሴፍ ደወለላት፦ «ሰኞ የማጠቃለያ ዝግጅታችን ነው፤ የመርሳውን ሥራ የምታቀርቢው አንቺ ነሽ፣ ስላይዱን እንዳትረሺ።» ስልኩን ግድግዳው ላይ ብትወረውረው ደስ ባላት፤ የገዛ ስልኳ ሆነና ተወችው።

አርብ ማታ፣ መሥሪያ ቤቱ ሲዘጋ፣ ያዩት ሰባት መቶ አይሞላም። ወይዘሮ ሸጊቱ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ።

«አልተገኘም፣ እማማ።»

«ማነው ዘንድሮ እንዲህ ያመሰቃቀለው?»

«ማኅበሩ» ለማለት አፏን ከፍታ ነበር። አፈረች።

«እኔ ነኝ» አለች።

አሮጊቷ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻላት ነበር። «እንግዲያው ሰኞ ከእኔ ጋር ትመጫለሽ። ይህንኑ ለዳኛው ትነግሪልኛለሽ።»

ሰኞ ወልድያ ላይ ማኅበርተኞቿ በአረንጓዴ ቲሸርት ሲጨበጨብላቸው፣ ሳሚራ መርሳ ፍርድ ቤት ቆማ ነበር።

«ሰነዱ ጠፍቷል?» አሉ ዳኛው።

«አልጠፋም። እዚያው ክፍል ውስጥ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልቀረበም?»

«የት እንዳለ አናውቅም። ያደራጀነው እኛ ነን፤ አቀማመጡን ያወጣሁት ደግሞ እኔ።»

«ሙያሽ ምንድን ነው?»

«የመዛግብት አያያዝ ተማሪ ነኝ።»

ከኋላ ወንበር አንዱ ሳቀ። ዳኛው አልሳቁም። የመጨረሻ ነው ብለው የአሥራ አምስት ቀን ቀጠሮ ሰጡ።

ውጭ ሲወጡ ሳሚራ በልቧ ሦስት ሺህ ሦስት መቶን ለአሥራ አምስት ታካፍል ነበር። ወይዘሮ ሸጊቱ ፊታቸው ፈካ ብሏል። ከትከሻዋ ላይ አቧራ አራገፉላት።

«አሥራ አምስት ቀን ብዙ ነው፤ ኢንሻአላህ ነገ ታገኚዋለሽ» አሉ። «አትድከሚ፣ ሌላውን ተይና ከግራና ረድፍ ጀምሪ።»

«እሺ፣ እማማ» አለች፣ ያን ረድፍ የበተነችው ሳሚራ።