ሬንጅ የገባበት ሞራ

ማላኪ ዱዌን ሎኮሞቲቭ መንዳት ከጀመረ አራት ዓመቱ ነበር። ከዚያ በፊት በአንድ እንግሊዛዊ ነጂ ሥር ከሰል ሲያቀብል ስድስት ዓመት ተለብልቧል። እሳቱንም ጭሱንም፣ ጣሪያ በሌለው መቆሚያ ላይ በዝናብ መበስበሱንም ለምዶታል። ያልለመደው የሞራውን ጠረን ብቻ ነው። የመንኮራኩሮቹ ዘንግ እንዳይግል በየዘንጉ ጫፍ ባለው የቅባት ሳጥን የሚጠቀጠቀው የከብት ሞራ ሲሞቅ፣ የከረመ ቁስል የተፈታ ያህል ይሸታል። እጁን በአመድ ቢያሽ ቢያሽ ከጥፍሩ ሥር አይለቅም።

የአገሩ ድሃ የሚኖርበት ድንች በበሰበሰ በሁለተኛው ዓመት፣ የብርዱ ወራት ሊወጣ ሲል፣ አጃና ቅቤ ጭነው ወደ ደብሊን የሚወርዱት ፉርጎዎች መንገድ ላይ መጨስ ጀመሩ። የቅባት ሳጥኖቹ ሲከፈቱ ባዶ ናቸው። ማላኪ ዘንግ ቀባዮቹን ሰነፎች ብሎ ሰደባቸው። ነገሩ የገባው አንድ ረፋድ ላይ፣ በረግረጉ መሃል ውሃ በሚሞሉባት በክሎናሽ ሲቆሙ ነው። ዘንጎቹን በእጁ ሊዳስስ ወደ ኋላ ሲሄድ፣ ከሦስተኛው ፉርጎ አጠገብ የተንበረከከች ሴት አገኘ። እጇን እስከ አንጓዋ ሳጥኑ ውስጥ ከታለች። ጥላሸትና የብረት ብናኝ ያጠቆረውን ሞራ እየዛቀች ትልሳለች፤ አገጯ ላይ ተዝረክርኳል።

የበላው ዳቦና የአሳማ ሥጋ ጉሮሮው ድረስ መጣ። መጀመሪያ የተጸየፈው እሷን ነበር። በዚህ እስኪሞት ድረስ አፍሯል።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"እያየኸኝ።" እጇን አላወጣችም። "አጃውን ወታደር ይጠብቀዋል። ይሄን የሚጠብቅ የለም።"

"ይሄ እኮ ለብረት ነው፣ እናቴ።"

"ብረቱማ ጠግቧል፣ ወንድሜ።"

ኦኖራ ትባላለች። ባሏ ይህ ሐዲድ ሲዘረጋ አፈር ሲቆፍር የኖረ ነው፤ በገና ሰሞን ትኩሳት ወሰደባት። ሐዲዱን ተከትሎ ከሚሄደው የጀልባ ቦይ ዳር ሌሎች ሰባት ስምንት ሰዎች ተራ ይጠብቃሉ። ማላኪ ምሳውን ሰጣትና ወደ ሎኮሞቲቩ ተመለሰ።

እሱ ለማንም አልተናገረም። የተናገረው ሁሉን ከላይ ሆኖ ያየው ከሰል አቀባዩ ቲርናን ነው። በሳምንቱ የሎኮሞቲቮቹ የበላይ ሚስተር ፔምብሪጅ ማላኪን ወደ መጋዘኑ አስጠራው። ከፊቱ አንድ በርሜል ሞራ፣ አንድ ባልዲ ሬንጅ፣ አንድ ከረጢትም ነጭ ዱቄት ተቀምጧል። ማላኪ ዱቄቱን አወቀው፤ ለበግ እከክ የሚቀቡት ነው። የላሰው በግ አያድርም።

"አዋህደው" አለ ፔምብሪጅ፣ መሐረቡን አፍንጫው ላይ እንደያዘ። "በእጅህ እሸው፣ በአካፋ አይገባም። ወዳጆችህ ከእንግዲህ ዘንጌን አይልሱም።"

"ሰዎቹ ቢበሉትስ፣ ጌታዬ?"

"ጠረኑ ይከለክላቸዋል።"

"የራበው ሰው ጠረን አይለይም።"

"እንግዲያው አንተን ምን አገባህ? አንተ እንደሆንህ በልተሃል።"

ማላኪ እጁን ከተተ። ሬንጁ ከሞራው ጋር እየተላቆጠ በጣቶቹ መሃል ሲሾልክ ሁለት ጊዜ ወደ ውጭ ወጥቶ አስታወከ። ከሁሉ ይበልጥ ያቅለሸለሸው ግን ሥራውን መጨረሱ ነው። ፔምብሪጅ "ጎበዝ" ብሎት ሄደ።

በማግስቱ ክሎናሽ ሲደርሱ ሰዎቹ ከቦዩ ዳር እየመጡ ነበር። ማላኪ ሮጦ ፊታቸው ቆመ።

"እንዳትነኩት። መርዝ ገብቶበታል።"

"የጌቶቹ ውሻ ሆነህ መጣህ?" አለው አንድ ከሲታ ሽማግሌ። "በል እንግዲህ፣ ንከሰና።"

"ማርያምን፣ እውነቴን ነው። እኔው ራሴ ነኝ ያሸሁት።"

ማንም አላመነውም። ኦኖራ በጎኑ አልፋ የሳጥኑን ክዳን ከፈተች። ያኔ ማላኪ ቀደማትና በጣቱ ዝቆ አፉ ውስጥ ከተተው። ምላሱ ተቃጠለ። ተፋው፤ ግን የተረፈው ስለወረደ ከሐዲዱ ላይ በአራት እግሩ ተደፍቶ ሐሞቱ እስኪመጣ አስታወከ። ሰዎቹ ዙሪያውን ቆመው አዩት። ኦኖራ ክዳኑን መልሳ ዘጋችና በሻሿ አፉን ጠረገችለት።

"አንተ ሞኝ" አለችው ቀስ ብላ። "በቃ፣ አመንን።"

የከሰሉን አካፋ አውጥቶ ሳጥኖቹን አንድ በአንድ ፋቀ። ሽማግሌው የተፋቀውን እየተቀበለ ረግረጉ ውስጥ ቀበረው። ቲርናን ከላይ ሆኖ "አብደሃል፣ ያለ ቅባት የት ልንደርስ ነው?" ይላል። የደረሱት ዘጠኝ ማይል ነው። አንድ ዘንግ እሳት ያዘ፣ ተሰበረም፤ አጃው ሐዲድ ላይ ቆመ።

ፔምብሪጅ በፈረስ ደረሰ። ማላኪ ምንም አልካደም።

"ለነዚህ እድፋሞች ብለህ ሎኮሞቲቭ ታጣለህ?" አለው።

"እድፉማ ያለው እኔ እጅ ላይ ነው፣ ጌታዬ። እርስዎ መሐረብ ነበረዎት።"

እዚያው አባረረው፤ ቦታውን ለቲርናን ሰጠው። ሌሎቹ ባቡሮች ግን በዚያው ሞራ እንደሚቀቡ ማላኪ ያውቃል። ስለዚህ ወደ ቤቱ አልሄደም። ሦስት ቀን ሙሉ በሐዲዱ ዳር እየሄደ፣ ባቡር ውሃ በሚሞላበት ሁሉ ቆሞ ለሰው ተናገረ። ሁለቱ ቦታ በጊዜ ደረሰ። በሦስተኛው አንድ ጎልማሳ ከንፈሩ በሬንጅ እንደጠቆረ ድንጋይ ተንተርሶ ተኝቷል፤ ሚስቱ ዝንቡን ትከለክልለታለች። ማላኪ ውሃ ቀድቶ አፉን ሊያጥበው ሞከረ። ጥርሱ አልተከፈተለትም። መቃብሩን አብሯት ቆፈረ።

ፋሲካ ሳይደርስ ሬንጁ ከነዱቄቱ ቀረ። ለሰው ታዝኖ አይደለም፤ ዘንጎቹን እያጣበቀ ባቡሩን ስላዘገየ ነው። ነጂ ስላጠራቸውም ቲርናንን ልከው ተመለስ አሉት።

"ሞራው እንደ ድሮው ንጹሕ ሆኗል" አለው ቲርናን፣ ዓይኑን ከዓይኑ ሳይገጥም።

"ሆዴ አይችለውም" አለ ማላኪ፤ ያንኑ ሳምንት በቦዩ ላይ ጀልባ በፈረስ ለሚያስጎትት ሰው ፈረስ ነጂ ሆኖ ተቀጠረ።