የዶሮቴያ ቀን

እኛ ፋብሪካ እጃችን ትምባሆው ላይ፣ ጆሯችን መድረኩ ላይ ነው። ስንጠቀልል መጽሐፍ ይነበብልናል። የሲጋራችን ስምም የመጣው ከንባብ ነው፤ የድሮዎቹ ጠቅላዮች በአንድ ልብ ወለድ ውስጥ ያለችውን ዶሮቴያን ወደዷትና የፋብሪካውን ባለቤት ወጥረው ይዘው ሳጥኑ ላይ አሳተሟት። መጽሐፉ እስከ ዛሬ በየዓመቱ ይነበባል። የምትሞትበት ምዕራፍ ሲደርስ አለቃው ሳይቀር ያለቅሳል፣ ለምን የሚል የለም። ሃቫና ውስጥ ከዶሮቴያ የሚበረታ ሲጋር ሞልቷል፤ እንደሷ ጨዋ ግን የለም፣ ጉሮሮ አትቧጥጥም። ይህን የምለው እኔ ስለምጠቀልላት አይደለም። እሺ፣ ስለምጠቀልላትም ነው።

ከመድረኩ የሚያነብልን ሽማግሌ ጡረታ ሲወጣ ዞራይዳ የምትባል ልጅ ለሙከራ መጣች። አንባቢ የምንመርጠው እኛው ጠቅላዮቹ ነን፤ ምርጫው የዚያኑ ቀን ከሰዓት ነበር። እንድታነብ የደረሳት የዶሮቴያ ሞት ነው። ድምጿ ጥሩ ነው፣ አትቸኩልም። በልቤ መርጫት ጨርሼ ነበር።

በንባቧ ዶሮቴያ ታመመች፣ ሐኪም ተጠራ፤ ወዲያው ደግሞ ጎረቤቶቿ ስለ ቤቷ ሽያጭ ማውራት ጀመሩ።

አንጋፋው ጠቅላይ ኤውሴቢዮ የትምባሆ መቁረጫ ቢላውን ወለሉ ላይ ወረወረው። እኛ ዘንድ ቢላ ጠረጴዛ ላይ ከተንኳኳ ጭብጨባ ነው፤ ወለል ላይ ከወደቀ ስድብ ነው። ሌሎችም ተከተሉት።

«አንቺ ልጅ፣ ሬሳውን የት ደበቅሽው?» አላት። «ይህን መጽሐፍ ስሰማ ነው ያረጀሁት!»

ዞራይዳ መጽሐፉን ዝቅ አደረገች። «አውቄ ነው የዘለልኩት» አለች። ዓይኗ ግን ሳታስበው አጠገቤ ጥቁር ለብሳ የተቀመጠችው ኢሉሚናዳ ላይ አረፈ። ኢሉሚናዳ ባሏን ቀብራ ወደ ሥራ የተመለሰችው የዚያን ቀን ጠዋት ነበር። ነገሩ ለሁላችንም ገባን። ኤውሴቢዮ ቢላውን ሊያነሳ ጎንበስ ብሎ እዚያው ጠረጴዛው ሥር ቆየ። ልጅቷ አሳዘነችኝ፤ ሥራው እንዳመለጣት ታወቀኝ።

ኢሉሚናዳ የጀመረችውን ሲጋር ጠቅልላ ጨረሰች።

«የኔ እናት» አለች ከዚያ፣ «ቤት ሰው ሁሉ አይዞሽ፣ አታልቅሺ እያለ አላስለቅስ አለኝ። ዛሬ የመጣሁት የዶሮቴያ ቀን ስለሆነ ነው። በይ ወደ ኋላ ገልብጪና አንብቢልኝ።»

ዞራይዳ ገልብጣ አነበበች። ኢሉሚናዳ ቅጠሉ እንዳይረጥብ ገፋ አድርጋው፣ ፊቷን በሽርጧ ሸፍና እንደ ልቧ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ኤውሴቢዮ ትምባሆ ዓይኔ ገባ ይላል፣ ውሸታም!

ምዕራፉ ሲያልቅ ማንም አላንኳኳም፤ ኢሉሚናዳን ጠበቅን። ኢሉሚናዳ ዓይኗን ጠርጋ ቢላዋን አነሳችና ጠረጴዛዋን መታች። ያን ጊዜ አዳራሹ በሙሉ አንኳኳ። አንባቢያችንን መርጠን ስለጨረስን የከሰዓቱን ምርጫ ያስታወሰ ሰው አልነበረም።