ምስክር የሆነው ነጭ አንሶላ

ሰበታ ውስጥ ከክር ማቅለሚያው ፋብሪካ አጥር ሥር የሚኖሩ ሴቶች ልብስ ከማስጣታቸው በፊት የሚያዩት ሰማዩን ሳይሆን አምፖሉን ነው። መብራት ካለ ፋብሪካው በኤሌክትሪክ ይሠራል። ከጠፋ ግን ናፍጣ ተወደደ ብለው አሮጌ የመኪና ጎማ ያነዳሉ፤ ጥላሸቱም ገመድ ላይ ያገኘውን ሁሉ ያጠቁረዋል።

የፔንሲዮን አንሶላ እያጠበች ልጆቿን የምታሳድገው ሬሐና ይህን ልማድ ጥሳ አታውቅም ነበር። ዛሬ ጣሰችው። መብራት ጠፍቷል፤ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ግን ስስ ነጭ ጭስ ነው፤ የባሕር ዛፍ ይሸታል። «ዛሬስ አላህ አዘነልን» አለችና አንሶላዎቹን በሙሉ ሰቀለች።

ሰቅላ እንደጨረሰች ከአካባቢ ጥበቃ የተላኩ ሰዎች ከፋብሪካው በር ወጡ። ያመጣቸው ሬሐና በጥላሸቱ ላይ ያስገባችው አቤቱታ ነው። የቡድኑ መሪ ኦቦ ዘርሁን አንሶላዎቹን በስልኩ ፎቶ አነሳ።

«አካም ጅርታ? ጥላሸት ፈጀኝ ያልሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው? ወተት መስሎ የለም እንዴ!»

«እንጨት የሚያነዱት ዛሬ እናንተ ስለመጣችሁ ነው!»

«እሺ፣ የጠቆረውን አሳዪኛ።»

ምኑን ታሳይ? ጥላሸት ያረፈበትን ሁሉ በበረኪና አሽታ፣ አጽድታ ለባለቤቱ መልሳለች።

«ፋብሪካው ቢዘጋ ስንት ሰው እንደሚበተን አስበሻል? አገር ምንዛሪ ያስፈልጋታል» አላትና መኪናው ውስጥ ገባ።

የቦይለር ሠራተኛው ሕዝቅያስ በአጥሩ ላይ አንገቱን አወጣ። «እሜቴ፣ ከሳሻችን መስለሽን ነበር፤ ለካ ምስክራችን ነሽ! ጌታ ይባርክሽ!»

«ጎማው ሳንባህን ይብላው!»

«ሳንባዬን ተይውና አንሶላሽን አውርጂ። ልንለኩስ ነው።»

መኪናው ከዓይን እንደራቀ ጭሱ ጠቆረ። ጎረቤቷ መብሩካ ሮጣ መጥታ አንሶላ መግፈፍ ጀመረች።

«እንዳትነኪው!» አለች ሬሐና።

«አበድሽ? የሰው ንብረት እኮ ነው! ፔንሲዮኑ ዳግመኛ ሥራ አይሰጥሽም።»

«አውቃለሁ። እጅሽን አንሺ።»

ከገመዱ ሥር እጇን አጣምራ ቆመች። ጥላሸቱ መጀመሪያ ነጠብጣብ ሆነ፣ ቀጥሎ ተያያዘ። ያኔ አንድ በአንድ አውርዳ፣ ሳታራግፍ አጣጥፋ፣ ባጃጅ ጠራች።

«እትዬ፣ ወንበሬን ልታጠቁሪው ነው?» አለ ሾፌሩ።

«ላስቲክ አንጥፍበት።»

«የት ልታጥቢው ነው?»

«ማጠብ ቀረ። ኦቦ ዘርሁን ጠረጴዛ ላይ ነው የማነጥፈው። ንዳ!»