የቀለለ እጅ

ታረቀኝ ለኮምፒውተር ሥልጠና ሲመረጥ ቀጨኔ ውስጥ ያልሰማ ሰው አልነበረም። ወሬውን ያዛመተው ራሱ ነው። ሸማኔ ሆኖ በማታ ትምህርት አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰ፣ ቀበሌው የድጋፍ ደብዳቤ ጽፎ ወደ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የላከው ሰው ዝም ቢል ነበር የሚገርመው። በሸማኔነቱ «ቁጢት በጣሽ» እያሉ ሲሰድቡት ለኖሩ ጎረቤቶች ሁሉ መልስ ያገኘ መሰለው።

ሽመና ያስተማሩት አባባ መሸሻ ዜናውን የሰሙት የሽመና ጉድጓዳቸው ውስጥ እግራቸውን እንደከተቱ ነው። መረቁት። ከዚያ ፊታቸው የተወጠረውን ድር በጣታቸው ዳሰሱ። ለሴት ልጃቸው ለሙሉ ሠርግ የጀመሩት ነጠላ ነው። ግማሹን እንደሠሩት ዓይናቸውን ሞራ ጋረደባቸው፤ የተበጠሰ ክር እንኳ ፈልገው መቀጠል አቃታቸው።

«ይህን አንተ ትጨርስልኛለህ» አሉት።

«አድነው አለ አይደል አባባ?»

«አድነው ማግ ሲመታ ግንድ የሚፈልጥ ነው የሚመስለው። አንድ ነጠላ ላይ ሁለት እጅ ሲያርፍ ያስታውቃል። ያንተን እጅ ግን የሠራሁት እኔ ነኝ።»

ጥግ ላይ የሚሸምነው አድነው ሳቀ። «ግንድ መፍለጥም ሙያ ነው! ለመሆኑ ጓድ ኮምፒውተር ከእንግዲህ እዚህ ጉድጓድ የሚገባ ይመስልዎታል? ሱሪው ይቆሽሻል።»

«ዝም በል አንተ! ሠርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ነው። ይደርሳል።»

ታረቀኝም «ይደርሳል» አለ። ገና የጥምቀት ሰሞን ነበር።

ሥልጠናው ካርድ በሚበሳ ማሽን ላይ ፊደልና ቁጥር መምታት ነው። ኮምፒውተሩ ካርዱን ያነባል። ታረቀኝ ቁልፉን ሲመታ እንደለመደው ኃይሉን ከትከሻው ያመጣል፤ ማሽኑ ካርዱን ነክሶ ይይዛል፣ ያጨማድደዋል። አሠልጣኟ ወይዘሪት ቡርቱካን ትዕግሥት የላትም።

«ማሽኑ ምን አደረገህ? ነካ አድርገህ ልቀቅ! ነካ፣ ልቀቅ። ይህን ከባድ እጅህን ጠዋት ስትመጣ ቤትህ ትተኸው ና።»

ሌሎቹ ሠልጣኞች ሳቁ። ሳቃቸው አንገበገበው። ስለዚህ እጁን ማቅለል ያዘ። አውቶቡስ ውስጥ ጉልበቱ ላይ፣ ቤቱ መደቡ ላይ፣ ቅዳሴ ቆሞ እንኳ መቋሚያው ላይ፤ ነካ፣ ልቀቅ። ዐቢይ ጾም ሲጋመስ ከክፍሉ እሱን የሚቀድም ጠፋ። «እጅህ ገና አሁን ሰው ሆነ» አለችው ቡርቱካን። ምስጋናዋን እንደ ኒሻን ደረቱ ላይ ለጥፎ ዞረ። ተቀጠረም። ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ ነጭ ሸሚዝ። ሥራውን ወደደው፤ ይህ አይካድም።

ነጠላውስ? መጀመሪያ «ፈተናው ይለፍ» አለ። ቀጥሎ «ቅጥሩ ይጽና» አለ። አባባ መሸሻ አልወቀሱትም፤ ድሩን አቧራ እንዳይበላው አሮጌ ጋቢ ጣል አድርገውበት ጠበቁት። ታረቀኝ እጅ ማለት እንደ ካፖርት ነው ብሎ ነበር የሚያስበው፤ ሲገቡ ይሰቅሉታል፣ ሲወጡ ያነሱታል።

ፋሲካ እንዳለፈ ፈቃድ ወስዶ መጣ። ሱሪውን ጠቅልሎ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። እግሩ አልረሳም። መወርወሪያውም ከእጅ ወደ እጅ እንደ ድሮው ሮጠለት። እያንጎራጎረ ሲሸምን ዋለ። አመሻሹ ላይ ቀና ብሎ ቢያየው ከአባባ መሸሻ ሥራ ቀጥሎ ያለው የሱ ድርሻ ወንፊት መስሏል። ለካ ማጉንም ነካ እያደረገ ነበር የለቀቀው።

ፈታው። በማግስቱ ጠንክሮ መታ፤ ተጨናንቆ እንደ ጆንያ ደረቀ። ደግሞ ፈታው። ሲያስብበት እጁ ይከብዳል፤ ሲዘነጋው ይቀልላል። ያ ድሮ ሳያስበው የሚመጣው ምት የለም። ዓርብ ዕለት ክሩ ከመፈታት ብዛት መላላጥ ሲጀምር አንዱ ጋ ሳስቶ፣ አንዱ ጋ ተጨናንቆ እንደምንም እስከ ጥለቱ ጨረሰው።

አባባ መሸሻ መጥተው ከራሳቸው ድርሻ ጀምረው በመዳፋቸው ዳሰሱት። መጋጠሚያው ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«አድነውን ነው በቦታህ ያስቀመጥከው?»

አድነው ከጥጉ ቀና አለ። ለታረቀኝ «አዎ» ማለት ቀላል ነበር።

«እኔ ነኝ አባባ።»

«አንተ?» እጁን ፈልገው ያዙት፤ ጣቶቹን ጨመቅ ጨመቅ አደረጉ። «እንዴት ያለ የጸሐፊ እጅ ነው» አሉ። ቁጣ የለበትም። ቢቆጡት በወደደ።

ሙሉ ይህን ጊዜ ገባች። «እስቲ ልየው! ውይ ታሬ፣ እንዴት ያምራል!»

«መጋጠሚያው ያስታውቃል» አላት።

«ማን አጎንብሶ ሊያይልህ? ሠርጌ ከነገ ወዲያ ነው፤ ያለ ነጠላ ልዳር?» አለችና ከድሩ አስቆርጣ ወሰደችው።

የቀጨኔ ሸማኔዎች ሠርግ ላይ አንድ ወግ አላቸው። ሙሽራዋን ሲስሙ የነጠላዋን ጠርዝ በሁለት ጣት ይዘው «የማን እጅ ነው?» ይላሉ። የሸማኔው ስም ሲጠራ ዳሱ በእልልታ ይሞላል። አባባ መሸሻ በስንት ሠርግ ስማቸው ሲጠራ ኖሯል።

የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ከሸማኔዎች ማኅበር የመጡ አቶ ስብሐት የሚባሉ አንጋፋ ሸማኔ የሙሉን ጠርዝ ያዙ። ጣታቸው እየተንሸራተተ መጋጠሚያው ላይ ደረሰ። ቅንድባቸው ተነሣ።

«የማን እጅ ነው መሸሻ?»

ታረቀኝ ከተቀመጠበት ብድግ አለ። ጅምሩ የሳቸው ነው፣ ያበላሸሁት እኔ ነኝ ሊል ነበር። አባባ መሸሻ ቀደሙት።

«የገበያ ነው» አሉ። «ከሽሮ ሜዳ ነው የገዛነው። ዓይኔን ታውቀው የለ?»

«እንደሱ ነው እንዴ» አሉ አቶ ስብሐትና ጠርዙን ለቀው አለፉ። እልል ያለ የለም።

ታረቀኝ ተመልሶ ተቀመጠ። አጠገቡ ያለው አድነው ጠላ ቀዳለት። ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠና፣

«ሰኞ ሥራ ትገባለህ አይደል?» አለው።

«እገባለሁ» አለ ታረቀኝ።