በሙሉ ድምፅ የሞተው ሾፌር

ፍሬን የሚሉት ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር። ቅጽል ስሙን ያወጡለት ጎረቤቶቹ ናቸው፤ የሞቀ ጨዋታ መሃል ገብቶ አንዲት ቃል ጣል ካደረገ ወሬው ሁሉ ሲጢጥ ብሎ ይቆማል። ክፉ ሰው አልነበረም። ሰው ሲያጋንን ሰምቶ ዝም ማለት ግን አይሆንለትም።

የሰፈሩ ኮሚቴ ድረ ገጽ ላሠራ ብሎ የተነሳው ከድልድዩ ማዶ ያለው ሰፈር ሊያሠራ ነው የሚል ወሬ በሰማ ማግስት ነው። ሊቀ መንበሩ ዕድሜውን በትምህርት ቤት ዲሬክተርነት የጨረሰ፣ ዛሬም ሰው ሁሉ ፊቱ ተሰልፎ የቆመ የሚመስለው ሰውዬ ነው። ጠረጴዛውን መታና «ሞቼ እገኛለሁ እንጂ ከእነሱ በኋላ አንከፍትም!» አለ። ድረ ገጹ ለምን ያስፈልጋል ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ማዶዎቹ ካላቸው ያስፈልጋል ማለት ነው።

ስብሰባው የሚካሄደው በሕፃናት መዋያው ክፍል ነበር። ጎልማሶቹ በትንንሽ ቀለማም ወንበሮች ላይ ጉልበታቸው አገጫቸውን እየነካ ተቀመጡ። የመጀመሪያው ስብሰባ በቀለም ምርጫ አለቀ። ሊቀ መንበሩ ሰማያዊ አለ፣ ጸሐፊው አረንጓዴ አለ፣ ብረት በያጁ ደግሞ የሚሠራቸው በሮች ሁሉ ቡናማ ስለሆኑ ቡናማ ካልሆነ ብሎ ድርቅ አለ። በሁለተኛው ስብሰባ ወደ ገጾቹ ገቡ። «የሊቀ መንበሩ መልእክት» የሚለው ገጽ ያለ ክርክር ጸደቀ። «የሊቀ መንበሩ ፎቶዎች» የሚለውም እንዲሁ።

ፍሬን የኮሚቴ አባል ባይሆንም ስብሰባው ለነዋሪ ክፍት ነው ስለተባለ መጥቶ ነበር። እጁን አወጣ።

«እኔ የምለው፣ ውሃ የሚመጣበትና የሚጠፋበት ሰዓት የሚነገርበት አንድ ገጽ ቢኖርስ? ሰው ባልዲውን ይዞ ከቧንቧ ጋር ተፋጦ ከሚውል።»

ሊቀ መንበሩ መነጽሩን አወለቀ።

«ገመናችንን ለዓለም እንዝራው ነው የምትለው? ወንድሜ፣ ድረ ገጽ ማለት የክት ልብስ ነው።»

«ባልታጠበ ገላ ላይ የክት ልብስ!» አለና ፍሬን ተነሳ፤ ወንበሯ ከመቀመጫው ጋር ተጣብቃ አብራው ተነሳች። ሰው ሳቀ። እሷን አላቅቆ ወርውሮ ወጣ፣ ከዚያ ወዲህም ስብሰባ የሚባል ደጅ አልረገጠም።

ድረ ገጹን የምትሠራው የማተሚያ ቤቷ ሴትዮ ነበረች፤ ባነርና የስም ካርድ እያተመች የምትኖር፣ ቃል የማታበዛ ሰው። ኮሚቴውን የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ባዶ ገጽ ማሳየት አልችልም። ለእያንዳንዱ ገጽ ናሙና የሚሆን ጽሑፍና ፎቶ ስጡኝ።» ሁሉም እሺ አሉ፤ አንድም ሰው አልሰጣትም። በተለይ የሐዘን መግለጫ ለሚባለው ገጽ ፎቶውን የሚያዋጣ ጠፋ። ብረት በያጁ «እኔ ሟርት አልወድም» ብሎ አማተበ።

ጸሐፊው በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የሚሠራ፣ ሰላምታውን እንኳ ፈርሞ የሚሰጥ የሚመስል ሰው ነው። እሱ አንድ ነገር ትዝ አለው። ፍሬን ለሰፈሩ የጥበቃ ምዝገባ ብሎ የሰጠው ጉርድ ፎቶ እጁ ላይ ነበረ።

«የሱን እናድርገው። የለም አይደል?»

የለም ማለቱ ከስብሰባው ነበር። እጅ ይውጣ ተባለ፤ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ጸሐፊው ያንኑ ምሽት ጽሑፉን አዘጋጀ፦ «የሰፈራችን አውራ፣ የቅን ልብ ባለቤት፣ ዕድሜ ልካቸውን ሕዝብ ሲያጓጉዙ የኖሩት አንጋፋ ሾፌር ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።» ከሥሩ ሙሉ ስሙን፣ በቅንፍ ደግሞ «ፍሬን» የሚለውን አኖረ። የማተሚያ ቤቷ ሴትዮ ከፎቶው በላይ በደማቁ «ናሙና» ብላ ጻፈችበት። ሊቀ መንበሩ ሲያየው ፊቱ ተከሰከሰ።

«ይሄ ናሙና የሚለው ነገር ገጹን ያራክሰዋል። ይነሳ።»

«ቢነሳ እኮ ሰውየው የሞተ ይመስላል፤» አለች።

«አንቺ ማተሙን ነው እንጂ ማሰቡን ማን ጠየቀሽ?»

አነሳችው። ማዶዎቹ በሚቀጥለው ሳምንት ሊከፍቱ ነው የሚል ወሬ ስለመጣ፣ እሁድ ጠዋት ድረ ገጹ እንዳለ ተከፈተ። ሊንኩም ወደ ሰፈርተኛው ስልክ ሁሉ ተላከ፤ ከስልክ ወደ ስልክም ከሰፈር ወጣ።

ፍሬን ያን ጠዋት ጢሙን እየተላጨ ነበር። በሩ በኃይል ተንኳኳ። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ እግሯ ከስፌት መኪናው ላይ፣ አፏ ውስጥ ስፒል ስለነበረ መነሳት አልቻለችም። ራሱ ሄዶ ከፈተ። ከከተማው ዳር የምትኖረው ታላቅ እህቱ ነጠላ ጫማ በአንድ እግሯ፣ ቆዳ ጫማ በሌላው አድርጋ ቆማለች። ፊቱን እስከ ዓይኑ ነጭ አረፋ ውጦት ስታየው ጩኸቷን አቀለጠችው።

«ወንድሜን! ወንድሜን! ገና ሳይቀበር መጣብኝ!»

«እትዬ፣ ምን ሆነው ነው?» አለች ሚስቱ ስፒሉን ተፍታ።

«ሞቶ የለም እንዴ!»

«ማን?»

«ይሄው!» አለች እህቱ በጣቷ እያሳየች፣ ከዚያም አረፋው መሬት ላይ ጠብ ሲል አይታ ደረቱን በጡጫ ደበደበችው። «አፈር በበላሁ! ለምን አልነገርከኝም?»

«ምኑን?»

«አለመሞትህን!»

ፍሬን ግማሽ ጢሙን እንደተላጨ ወደ ጸሐፊው ቤት ሮጠ። ጸሐፊው በሩን በጥቂቱ ከፍቶ አዳመጠው።

«ጋሼ፣ እኔ በግሌ በሕይወት መኖርዎን አልቃወምም፤» አለ በትሕትና። «ግን ገጹ በሙሉ ድምፅ የጸደቀ ነው፤ በአንድ ሰው አቤቱታ አይነሳም። ማመልከቻ ያስገቡ፣ ቅዳሜ በስብሰባ ይታያል።»

«ምን ብዬ ላመልክት?»

«‹ሟች የተባልኩት እኔ አለሁ› ብለው። ሁለት ምስክር ቢያያይዙ ደግሞ አይከፋም።»

«አንተ ራስህ እያየኸኝ አይደል?»

«እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ መመስከር አልችልም።»

ወደ ቤቱ ሲመለስ ደሙ ፈልቶ ነበር። ሚስቱ ስልኳን ይዛ አገኛት፤ ከፎቶው ሥር ሰው አስተያየት እየጻፈ ነው። ጮክ ብላ አነበበችለት። የድሮ ተሳፋሪዎቹ ጽፈዋል። አንዲት ሴትዮ «ነፍሰ ጡር ሆኜ ሳለሁ ፌርማታ ባልሆነ ቦታ ያቆሙልኝ አባት» ብላለች። ፍሬን አላስታወሳትም፣ ነገር ግን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከግድግዳ ወዲያ የሚኖረው፣ በውሃ መውረጃ ቦይ ተጣልቶ ለዓመታት ሰላም ያላለው ብረት በያጁ ሳይቀር፣ ናሙናውን ያጸደቀ እጁን ረስቶ፣ ወሬው ሲነፍስ ደንግጦ «ምሰሶዬ ወደቀ፤ ከእንግዲህ በማን እመካለሁ» ሲል አልቅሷል።

«ምን አለ? ድገሚው፤» አለ ፍሬን።

ደገመችው።

«ሰው ካልሞተ ወይም ካልሄደ አይመሰገንም ማለት እውነት ነው፤» አለ፤ ድምፁ ግን ቅር ያለው ሰው ድምፅ አልነበረም። ማታ ስልኩን ከእጇ ወስዶ ራሱ አነበበው። በማግስቱም። በሦስተኛው ቀን ሚስቱ መስታወት ፊት ቆሞ «የቅን ልብ ባለቤት» ሲል ሰማችው።

እሷ ግን በሌላ በኩል እየተጎዳች ነበር። ደንበኞቿ እየመጡ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሐዘንተኛ ማስቸገር ነውር ነው» እያሉ ያልተሰፋ ጨርቃቸውን ይወስዳሉ። «ባሌ አለ እኮ፣ ጓዳ ነው ያለው» ስትላቸው እየተያዩ ይበልጥ ያዝኑላታል፤ አእምሮዋን የነካት መሰላቸው። ፍሬን እንዲወጣና እንዲታይ ለመነችው። እሱ ከቤት መውጣት ትቷል። «አሁን ብወጣ ሰው ይደናገጣል» ይላል።

ቅዳሜ ደረሰ። ፍሬን የሠርጉን ኮት ለብሶ ወደ ሕፃናት መዋያው ሄደ፤ ሚስቱም ተከትላው በሩ አጠገብ ቆመች። ሊቀ መንበሩ ስብሰባውን የከፈተው በደስታ ነበር፤ የጎብኚው ብዛት በሳምንቱ መሃል ከከፈቱት ከማዶዎቹ በእጥፍ በልጧል፣ ጎብኚው ሁሉ የሚገባው ደግሞ የሐዘኑ ገጽ ውስጥ ነው። «የሊቀ መንበሩ መልእክት» ውስጥ የገባች የራሱ የሊቀ መንበሩ ሚስት ብቻ ነች፤ እሷም ተሳስታ።

«አመልካቹ ሟች ይናገሩ፤» አለ ጸሐፊው።

ፍሬን ተነሳ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ገጹ ይነሳ ልል ነበር የመጣሁት። ግን ሕዝብ የጻፈውን መደምሰስ ደግሞ ልብ የለኝም።» ከኪሱ ፖስታ አወጣ። «‹አንጋፋ ሾፌር› የሚለው ‹አንጋፋና ምስጉን ሾፌር› ተብሎ ይስተካከል። ፎቶውም ይቀየር። ይሄኛው ከጎን ነው፣ አፍንጫዬን ያሳምረዋል።»

ሊቀ መንበሩ አጨበጨበ። ማሻሻያው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ብረት በያጁም እጁን አወጣ፣ ፍሬንን ሳያይ።

የፍሬን ሚስት ከበሩ ዞር አለች። ማተሚያ ቤቱ ገና አልተዘጋም ነበር፤ ሴትዮዋ የሱቅ ባነር እየቆረጠች አገኘቻት።

«እህቴ፣ ባሌን ከሞት አንሺልኝ።»

ሴትዮዋ መቀሱን አስቀመጠች፣ ወደ ኮምፒዩተሩ ዞረች፣ አንዴ ነካ፣ ሁለቴ ነካ አደረገች። «ተነሥቷል።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው። ሳምንቱን ሙሉ ማንም መጥቶ አልጠየቀኝም። ሁሉም የሚሄደው ወደ ኮሚቴ ነው።»

ፍሬን ቤት ሲደርስ ስልኩን ከፈተ፣ ፈለገ፣ ደግሞ ፈለገ። አላገኘውም። «ማን አጠፋው?» ሲል ሚስቱ «እኔ» አለችው። ለሁለት ቀን አኮረፋት። በሦስተኛው ቀን ዳቦ ሊገዛ ወጣ።

መንገዱ እንደጠበቀው አልነበረም። የመጣለት ሰው የለም። ያለቀሱለት ሁሉ ሲያዩት ፊታቸውን አዞሩ፤ እንባቸውን አታሎ የወሰደ ያህል ቆጥረውበታል። ነፍሰ ጡር ሳለሁ አቆሙልኝ ብላ የጻፈችው ሴትዮ ሰፈር ድረስ መጥታ፣ ሱቅ በር ላይ አግኝታው ከላይ እስከ ታች አየችውና «እርስዎ አይደሉም፤ እሳቸው ረጅም ነበሩ» ብላው ሄደች። ሊቀ መንበሩ በበኩሉ የጎብኚ ቁጥር ወርዶበት አንገቱን ደፍቷል። የታመሙ ሰዎች ገጽ ይከፈት የሚል አጀንዳም ይዟል አሉ፤ ጤነኛው ሁሉ ፎቶውን መደበቅ ጀምሯል።

ዳቦ ቤቱ ሰልፍ ላይ ብረት በያጁ ከፊቱ ቆሞ ነበር። ዞሮ አየው።

«እንግዲህ አለህ፤» አለ በያጁ፣ እንደ ወቀሳ።

«አለሁ።»

«ምሰሶ ብዬ ጽፌ ነበር እኮ። ሰው ሁሉ አንብቦታል።»

«አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ አሁን እኔ ምን ልሁን?»

ፍሬን፣ ጨዋታ ሁሉ ሲያስቆም የኖረው ሰው፣ «ይቅርታ፤» አለ።

ቤቱ እስኪደርስ በራሱ ተናደደ። ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ «ይቅርታ አልኩት እኮ!» አላት ሚስቱን።

«ለምኑ?»

«ስላልሞትኩ!»

እሷ የሚቀጥለውን ስፌት ልትጀምር ስፒሎቹን በከንፈሯ ይዛ ነበር። መጀመሪያ አንድ በአንድ ከአፏ አወጣቻቸው፣ መርፌ መሰኪያ ትራሷ ላይ ሰካቻቸው፣ ከዚያ ወንበሩን እስክትለቅ ሳቀች።