ያልታየው ጉድጓድ

ልጄ ባዩ በ1963 ዓ.ም. ክረምት ከዩኒቨርሲቲ ወደ ቡታጅራ ሲመለስ አንድ ሻንጣ መጽሐፍና አንድ ክርክር ይዞ መጣ።

ክርክሩን ቁርስ ላይ አስረዳኝ። «እማዬ፣ ዓለም የተሠራችው ከደቃቅ ነገሮች ነው። እነዚያ ነገሮች የሰው ልቡና እስኪያያቸው ድረስ እዚህ ይሁኑ እዚያ አይለይላቸውም። ልቡናችንም የተሠራው ከእነሱው ነው።»

«ልጄ፣ ታመሃል እንዴ?» አልኩት። ግንባሩን ዳሰስኩ፤ ትኩሳት የለውም። ይህ ይበልጥ አስፈራኝ።

የሳይንስ መምህሩ ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ግን «ልቡና ማለት አንጎል ነው፤ አንጎልም እንደ ወፍጮ ነው። ወፍጮው ሲቆም ዱቄት የለም፤ አለቀ!» ባይ ናቸው። ሁለቱ በሙስተፋ ልብስ ስፌት ቤት በር ላይ ሁለት ሳምንት ሙሉ ተከራከሩ። ሙስተፋ እነሱን ሲያዳምጥ የሰው ሱሪ አንድ እግሩን አሳጥሮ ሰፋ።

በመጨረሻ ባዩ «እናቴ ጓሮ የተቀበረው ቆጮ አሁን ደርሷልም፣ ተበላሽቷልም። የሚለይለት ስናየው ነው» አለ።

«ማንም ባያየው ወይ ደርሷል ወይ ተበላሽቷል!» አሉ ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ።

ጉድጓዱ እስከ መስቀል ማግስት በሰው ዓይን እንዳይታይ ተስማሙ። ዙሪያውን ገመድ ወጥረው «ማየት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ተከሉ። ሰሌዳውን ራሴ አነበብኩት። በማታ ትምህርት ቤት ያን ያህል የለፋሁት ከገዛ ጓሮዬ መከልከሌን ለማንበብ ነበር።

ያ ቆጮ የዋዛ ቆጮ አይደለም። በመስቀል ማግስት ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ከሶዶ መጥታ ልጇን ውድነሽን ለባዩ መስጠቷንና አለመስጠቷን ትነግረናለች። ቆጮው ለተበላሸበት ቤት ማን ልጁን ይሰጣል? ቆጮ ደግሞ ተቀብሮ አይተውም። በየሳምንቱ ቅጠሉ ይቀየራል፣ ይገላበጣል፣ ድንጋዩ ይመለስበታል። እንቅልፍ አጣሁ።

ለጎረቤቴ ለሳሌሃ አለቀስኩላት።

«ወላሂ፣ ወንድ ከመቼ ወዲህ ነው በእንሰት ጉድጓድ ላይ የሚያዘው?» አለች። «ለመሆኑ ከማየታቸው በፊት ደርሶ እንደነበር በምን ሊያውቁ ነው?»

«ጠይቄ ሳቁብኝ።»

«የከለከሉሽ ማየት ነው። መንካትስ?»

«መንካት አላሉም።»

«እንግዲያ ጨፍኚ!»

ከዚያ በኋላ በየሐሙሱ ጎህ ሲቀድ ዓይኔን በነጠላ አስሬ ወደ ጉድጓዱ እጎነበሳለሁ። ሳሌሃ እሷም እንዳታይ ለጉድጓዱ ጀርባዋን ሰጥታ፣ እንዳልወድቅ መቀነቴን ትይዝልኛለች። በእጄ እዳስሳለሁ፣ በአፍንጫዬ እለያለሁ፣ ቅጠሉን እቀይራለሁ። ክልከላቸውን አላፈረስኩም፤ አንድ ቀን እንኳ አላየሁም።

ቀኑ ደረሰ። ወይዘሮ ዘርፈሽዋል መጣች። ሙስተፋ ሱቁን ዘግቶ መጣ። ገመዱ ተፈታ፣ ድንጋዩ ተነሣ፣ ቅጠሉ ተገለጠ። ቆጮው ነጭ ነው፤ ሽታው ደስ ይላል።

«አያችሁ? ልቡናችን ሲያርፍበት ለየለት!» አለ ባዩ።

«ያለ ማንም ልቡና ራሱ ደርሶ ነበር!» አሉ ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ።

ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ከቆጮው ቆንጥራ በጣቶቿ አሸችው። «ይሄ የሰው እጅ ያለበት ነው። ማነው ያገላበጠው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ግን ጨፍኜ ነው።»

ሁለቱ ተከራካሪዎች ተንሾካሾኩ።

«በእጅና በአፍንጫ ነው» አሉ ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ። «አስተዋለች አይባልም።»

«አይባልም» አለ ባዩ። «እሷን አንቆጥራትም።»

ክረምቱን ሙሉ የተስማሙበት ነገር ይህ ብቻ ነው።

«እንዴት ያሉ ሊቃውንት ናቸው እናንተዬ!» አለች ሳሌሃ ከአጥሩ ማዶ። «ድንጋይ ራሱ ይወጣል ይወርዳል ብለው ነው?»

ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ጣቷን በቅጠል ጠርጋ ወደ እኔ ዞረች። «አበባ፣ አንቺ ባለሽበት ቤት ልጄ አትራብም፤ ሰጥቻለሁ። ልጅሽ ግን ውድነሽን ከመውሰዱ በፊት ይህን ጉድጓድ ሲከድን ልየው። አንተ፣ ውረድ!»

ባዩ እኔን አየኝ። ኮቱን አውልቆ ለጋሽ ሀብተጊዮርጊስ አስያዘና ወረደ። ቅጠሉን አገላብጦ ዘረጋው። ትልቁን ድንጋይ ታቅፎ በላብ ተጠምቆ ቆመ።

«እማዬ፣ የቱ ጋ ላድርገው?» አለኝ።

ከመጣ ጀምሮ አንድ ነገር ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነበር።