አንድ ስንዝር ወደ ታች

ታላቅየው ከተከላቸው ሃያ የፖም ችግኞች አሥራ አንዱን አይጥ ቅርፊታቸውን ዙሪያውን ግጦ አደረቃቸው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዲሉ፣ እሱም ንዴቱን በድመቲቱ ላይ ተወጣ። ከአጥሩ ማዶ ያሉት የታናሽ ወንድሙ ችግኞች ግን እያንዳንዳቸው የወንፊት ሽቦ ታጥቀው፣ አንዲት ቅጠል ሳትጎድልባቸው ቆመዋል።

ሽቦማ እሱም አጥሮ ነበር! ታናሹ «ጋሼ፣ ሽቦው እኮ እንዲህ አይደለም...» ብሎ ሲጀምር፣ «አፍንጫህን ጠርጌ ያሳደግኩህን ሰው ልታስተምር ነው?» ብሎ አፉን አስያዘው። ከዚያ ወዲህ ነገሩ አልተነሳም። አባታቸው ደግሞ ዓይናቸው ከደከመ ጀምሮ ግንዱን በጣታቸው እየዳበሱ ነው የሚመርቁት። በየማለዳው ታናሹ ጋ ሄደው «ተባረክ» ይላሉ፤ ታላቅየው ጋ መጥተው «እህ» ይላሉ። ያቺ «እህ» እንደ ብል ስትበላው ከረመች። የአርባ ዓመት ሰው በአንዲት «ተባረክ» ይቀናል ቢሉት ይስቅ ነበር፤ ግን ቀና፣ እህል እስኪያስጠላው ቀና።

አንድ ቀን ታናሹ ገበያ ሲወርድ ታላቅየው አጥሩን ተሻገረ። ከዳሩ ረድፍ ያማረውን ችግኝ መርጦ ሽቦውን ሳበ። አልነቀል አለው። በሁለት እጁ ሲመዘው አንድ ስንዝር የሚሆን ከአፈር ውስጥ ወጣ። ለካ ጉዱ ይሄ ነው! የእሱ ሽቦ መሬት ላይ ብቻ ስለቆመ አይጥ በሥሩ እየማሰ ይገባ ኖሯል። መልሶ ሊቀብረው ጎንበስ አለና ተወው፤ እንደ ነገሩ አቆመው። እስቲ የወንድሙም አንድ ይበላ። እስቲ አባባ እዚያም ሄደው «እህ» ይበሉ።

በሳምንቱ ተበላ። አባትየው ግንዱን ዳብሰው «እህ» ሲሉ፣ ታላቅየው በሆዱ እየጨፈረ ከንፈሩን መጠጠ።

«ጋሼ፣ አዝናለሁ» አለ ታናሹ አንገቱን ደፍቶ። «ያንተ ነበር። ይሄ የዳሩ ረድፍ፣ አሥራ አንዱም ያንተ ናቸው። በደረቁብህ ፋንታ ነው ያሳደግኳቸው። ክረምት ሲገባ ልሰጥህ ነበር።»

ታላቅየው የዳሩን ረድፍ በዓይኑ ቆጠረ።

«የተረፉትን አሥሩን ውሰዳቸው» አለ ታናሹ። «ስትተክላቸው ግን፣ እንዳትቆጣኝ፣ ሽቦውን...»

«አንድ ስንዝር ወደ ታች መቅበር ነው፤ አውቃለሁ» አለ ታላቅየው፣ ምላሱ ቀድሞት።

አባትየው እጃቸውን ከተጋጠው ግንድ ላይ አነሱ።

«ማን ነገረህ?» አሉት።